መዳፍ የሚያህል ጥላሸት

«አባቴ ነፍሱን ይማረውና አርጅቶ ነበር። ሻማ ሳያጠፋ ተኛ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ነደደ። ምን ይደረግ፣ የአባት ዕዳ ለልጅ ነው! እኔ ይህን ጣሪያ በነጻ የሠራሁት ስለ እሱ ይቅርታ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።»

ታላቅየው ይህን የሚናገረው መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ፣ ግማሽ አገጩን የሳሙና አረፋ እንደሸፈነው ነበር። ነገ ጠዋት ያ በእሳት የወደመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ታድሶ ይከፈታል። ንግግር ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ስለሆነ ነው ልምምዱ። «ይቅርታ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ደጋግሞ ሲለው ድምፁ ሰለል አለና ሊያለቅስ የደረሰ ሰው መሰለ። ሳይወደው አልቀረም፤ ምላጩን አንስቶ እያፏጨ መላጨቱን ቀጠለ።

ታናሽ እህቱ ከግድግዳው ወዲህ ወጥ ቤት ቆማ ዕንቁላል ትጠብሳለች። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እንኳን ንግግር ማዛጋት ያሳልፋል። እናታቸው ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ፣ ሞራ የጋረዳቸውን ዓይኖቿን በመሐረቧ ጫፍ እያበሰች ታዳምጥ ነበር። «ሰማሽው ወንድምሽን?» አለች። «እንዲህ ያለ ልጅ ስንት ሰው አለው? ያ ሰውዬ ያዋረደንን እሱ በላቡ እያነሳን።» ታናሽየዋ ዕንቁላሉን ገለበጠች። እናትየዋ ወሬ ቀየረች፤ ዕንቁላል ደግሞ ጨመረ አሉ፣ ዶሮዎቹም እንደ ሰው ኑሮ ተወደደባቸው መሰለኝ አለች። ታናሽየዋ «መሰለኝ» አለችና ሳህኑን አቀረበችላት። በዚህ ቤት ስለ ዕንቁላል ዋጋ እንደ ልብ ይወራል፤ ስለ አባትየው ግን አንድ ቃል ከወጣ ማንኪያው ሁሉ ድምፁን ያጠፋል። «ያ ሰውዬ» የምትለው አርባ ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን ነው። ፎቶውን እንኳ ከሳሎን ግድግዳ ላይ አውርዳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በግንባሩ ደፍታዋለች፤ እንግዳ ሲገባ አፍራለሁ ብላ።

ታላቅየው ፊቱን ለስልሶ፣ ሽቶ ሸትቶ መጣ። የእናቱን ግንባር ሳመ። ለእህቱ «ዛሬ ያንን የቤተ ክርስቲያኑን ሰገነት ማጽዳት ጨርሺ፤ ከሰዓት የእብነ በረድ ሰሌዳዬን ይዤ እመጣለሁ» አላት። ቀድሞ «ጋሼ» ትለው ነበር። አሁን የምትጠራበት ስም ስላጣችለት «እሺ» ብቻ አለችው። እሳት አመድ ይወልዳል የሚሉት ተረት ለዚህ ቤት ተብሎ የተፈጠረ ይመስላት ጀምሯል።

አባታቸው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ነበር፤ ታላቅየው በያጅ። እሳቱ የተነሳ ዕለት ታላቅየው የሰገነቱን መስኮት የብረት ፍሬም ሊጠግን ተቀጥሮ፣ እዚያ እግሩን ያስገባበት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ጄኔሬተሬ ተበላሽቶብኝ አንዲት ብረት ሳልበይድ ከቀትር በፊት ወጣሁ አለ። ማታ ከላይ ሰገነቱ ተያያዘ፣ ጣሪያው ወረደ። ሻማ ባለበት ቤት እሳት ሲነሳ ደግሞ ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም። አባትየው መጀመሪያ ላይ፣ ሻማውን አጥፍቻለሁ፣ ደግሞም ቀን ጄኔሬተር ሲጮኽ ሰምቻለሁ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጁ ትከሻውን አቅፎ፣ በዚያ ቅቤ በመሰለ አፉ፣ «አባባ፣ የሰማኸው የጎረቤት ወፍጮ ነው። ሻማውንም ረስተኸዋል። አርጅተሃል እኮ! ባለፈው መነጽርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ መነጽሬን አምጡ ስትለን አልነበር?» ያለው። ሽማግሌው ልጁን አመነ። ራሱን ግን ከዚያ ወዲያ አላመነም። መብራት አጥፍቶ ዞር ሲል መንገድ ላይ ይቆምና «አጥፍቼዋለሁ እንዴ?» ይላል፤ ተመልሶ ማብሪያውን ይነካል፤ ደግሞ ይመለሳል። በር ከዘጋ በኋላ እጀታውን ይዞ የሚቆመውን ነገር የሰፈር ልጆች እየተከተሉ ያስመስሉት ነበር። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላም የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጄኔሬተሩ ጮኾ ነበር፣ አይደል?» ታናሽየዋም ታላቅ ወንድሟን አምና «ወፍጮ ነው አባባ» አለችው። የመጨረሻ ቃሏ ለአባቷ ይህ ሆነ። ሌላው ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በዚህ ግን ወንድሟን ይቅር አትለውም።

አውቶቡሱ ቢሮ በሚገቡ ሰዎች ጢም ብሎ ነበር። አንዷ ሴትዮ አጠገቧ ካለችው ጋር ስለ ነገው ምረቃ ታወራለች፤ «ጣሪያውን የሠራው እኮ የዚያ የዘበኛው ልጅ ነው፤ አንድ ብር አልወሰደም አሉ። ከእሾህ መሐል ጽጌረዳ!» ታናሽየዋ እንደ እሾህ ቆማ ሁለቱን ፌርማታ ጨረሰችና ወረደች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲታይ ሙሽራ መስሏል። ጣሪያው አዲስ፣ በሮቹ ዘይት የጠጡ፣ ደጁ የተጠረገ። ውስጡ ግን ገና የአናጺ ሙጫ፣ የእርጥብ ኖራና የቆየ ጭስ ሽታ ተቀላቅሎበታል። መቀመጫዎቹ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው፤ ሁለት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሰላል ላይ ሆነው ስለ ኳስ ይከራከራሉ። የግድግዳ አጽጂዎቹን የምትመራው ባለሙያ ጓንት ትባላለች። ጓንቷን አውልቃ ያያት የለም፤ ሻይ እንኳ በጓንት ነው የምትጠጣው። ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ደረቅ የላስቲክ ስፖንጅ ተቆርጦ ይሰጥሻል፤ ውሃ ክልክል ነው፣ መፋተግ ክልክል ነው። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ታሳርፊዋለሽ፤ ስፖንጁ ጥላሸቱን ጠጥቶ ሲጠቁር ያንን ገጽ ቆርጠሽ ትጥያለሽ። የተቸኮለበት ሥዕል ዕድሜ ልኩን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ታናሽየዋ ይህን ሥራ የለመደችው ቶሎ ነው። የምትጠላውን ነገር ቀስ ብሎ መያዝ ዱሮም ታውቅበታለች።

ጓንት ደግሞ አንድ የማትደራደርበት ሕግ አላት። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይጸዳ ይቀራል፤ ማሳያ ይሉታል። ከዘመናት በኋላ የሚመጣ ሰው ይህ ቤት ምን ደርሶበት እንደነበር፣ ምን ያህል እንደተደከመበት እንዲያይ ነው። ማሳያው የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ግድግዳውን ያጸዳው ሰው እንጂ ኮሚቴ አይደለም። ሌሎቹ አጽጂዎች ከበር ጀርባ ወይም ከዓምድ ሥር፣ ከዓይን ዞር ያለ ቦታ ይመርጣሉ። ኮሚቴው ታናሽየዋን የሻማ ማቆሚያው ጥግ ላይ ተዪልን ብሏት ነበር፤ ለታሪኩ ይስማማል ብሎ። እሷ ግን ያንን ጥግ ካጸዳችው ቆይታለች። ስታጸዳው ከስፖንጁ ላይ የተነሳው ጥላሸት እፍኝ እንኳ አልሞላም፤ ከሻማ ማቆሚያው ጀርባ ያለው የእንጨት ክፈፍ ቫርኒሹ እንኳ አልተኮማተረም። እሳት የጀመረበት ቦታ እንዲህ አይሆንም።

የጀመረበትን ያገኘችው ሰገነቱ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሥር። እዚያ ልስኑ ከመጋሉ የተነሳ እንደ ጡብ ቀልቷል። ስፖንጇ ከጥቁሩ ሥር የሆነ ነገር ሲቧጥጠው ቆም አለች። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ፣ ድብልብል የብረት ጠብታዎች ልስኑ ውስጥ ሰምጠው ቀርተዋል፤ የብየዳ ፍንጣሪ። ጥላሸቱ የተቀመጠው በላያቸው ላይ ነው። ማለትም ብረቱ ቀድሞ፣ ጭሱ ተከትሎ። ከእሳቱ በኋላ ደግሞ ያ መስኮት ተነቅሎ በእንጨት ተተካ እንጂ እዚያ ማንም አልበየደም። ያን ቀን የሥራ መወጣጫው ላይ ቁጭ ብላ እስክትጠግብ አለቀሰች። ከዚያ ለጓንት አሳየቻት። ጓንት በጓንቷ ነካ ነካ አደረገችና «እውነትሽን ነው። ግን እኔ የማውቀው ግድግዳ ነው፤ ሰው አላውቅም» አለቻት። ለኮሚቴውም ብትነግር ዋጋ እንደሌለው ገብቷታል። ጣሪያ በነጻ የሰጠን ሰው ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ስለዚህ ዙሪያውን ሁሉ አጸዳች፤ ያቺን ጠብታዎቹ ያሉባትን ቦታ ብቻ ማሳያ አድርጋ ተወች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እሷ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ብቻ ይዛ ነበር በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው።

አንድ ነገር ብቻ ያጠራጥራት ነበር። ምናልባት ወንድሟ አያውቅ ይሆናል። ምናልባት ሁለት ሦስት ነጥብ በይዶ፣ ፍንጣሪው ሰገነቱ ወለል ሥር ገብቶ ሲጤስ ሳያይ ሄዶ፣ ራሱም ሻማ ነው ብሎ አምኖ ይሆናል። እንዲህ እያሰበች ሳታውቀው ስታዝንለት ራሷን የያዘችበት ጊዜ አለ። ያንን ጥርጣሬ ዛሬ ከቀትር በኋላ ራሱ መጥቶ ገላገላት።

እብነ በረድ ጠራቢውን አስከትሎ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ጠራቢው ወፍራም፣ ላቡ የሚንቆረቆር፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሰሌዳውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ታላቅየው ግራ ቀኝ አላማተረም። ያን ሁሉ ሜዳ የሚያህል ንጹሕ ግድግዳ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ መስኮቱ ሥር መዳፍ የምታህለዋን ጥላሸት በጣቱ ነካ። «እዚህ ላይ» አለ።

«ጌታው፣ እዚህ ማን ያየዋል?» አለ ጠራቢው። «ሰው አንገቱን እንደ ሰጎን ካላስረዘመ በቀር። በሩ አጠገብ ብናደርገውስ?»

«እዚህ አልኩህ እኮ!»

ሰገነቱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞር አለ። ታናሽየዋ ፊቱን አየችው። ጠዋት መስታወት ፊት የለሰለሰው ፊት አይደለም። ያቺን ቦታ ከእሷ በፊት የሚያውቃት ሰው ፊት ነው። ጥርጣሬዋ ለቀቃት፤ ሐዘኔታዋም አብሮ ሄደ። በምትኩ ደስታ የሚመስል፣ ቀዝቃዛ ነገር ደረቷ ላይ አረፈ።

«እዚህ አይሆንም» አለችው። «ማሳያዬ ነው።»

«ምን ማሳያ ነው፣ ቆሻሻ ነው እንጂ! ጥረጊው ብዬሻለሁ።»

ጓንት ከወዲያ ማዶ ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ማሳያ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም አለች። ታላቅየው ሊስቅ ሞከረ። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ይዤ እመጣለሁ፣ ያኔ እናያለን ብሎ፣ ጠራቢውን ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል ብሎ ወረደ። ሰብሳቢው ከመጣ ነገሩ እንዳበቃለት ታናሽየዋ ታውቃለች። ሰሌዳው ይለጠፋል፤ አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀበራል፤ ያውም በራሱ ስም ሥር። ስፖንጇን አስቀመጠችና በኋላ በር ወጣች።

ፍርድ ቤት አልፈለገችም። ወንድሟ በዓለም ላይ አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው ልጅ የሚሆነው፤ ያንን ሰው ነው ልትወስድበት የፈለገችው። እናቷ ከቃጠሎው ወዲህ በኀፍረት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ቤት ደርሳ፣ «እማዬ፣ ልጅሽ የአባታችንን ስም በእብነ በረድ አስቀርጾ ሊያቆም ነው። ከመለጠፉ በፊት መጥተሽ ዳብሺው» አለቻት። ውሸት አይደለም። እናትየዋ ትንሽ አቅማማችና ያንን ሰውዬ ብዬ ሳይሆን ልጄን ብዬ ነው አለች። ጥሩ ሻርፗን ፈለገች። ታናሽየዋ ታክሲው የጠየቀውን ከፈለች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ትከራከር ነበር።

የሰገነቱን ደረጃ በዝግታ ወጡ፤ እናትየዋ የደረጃውን እንጨት በመዳፏ እየዳሰሰች፣ አዲስ ነው፣ ጥሩ ተልጓል እያለች። ጠራቢው ሲያያት ከሰሌዳው ላይ ተነስቶ «ይምጡ እማማ፣ ይቀመጡ፤ ከዚህ የሚከብድ ወንበር የለኝም» አላት። ሳቀች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ፊደሎቹን ተከተለች። «ምን ይላል?»

ታናሽየዋ ከላይ የተቀረጸውን የአባቷን ስም፣ ከዚያም ከሥሩ ያለውን አነበበችላት። «የአባቴን ጥፋት ይቅር በሉት። ልጁ።»

እናትየዋ ሰሌዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «አንጀት የሚበላ ልጅ» አለች።

«አሁን ደግሞ ይኼን ዳብሺ» ብላ ታናሽየዋ የእናቷን እጅ ይዛ ግድግዳው ላይ፣ ጥላሸቱ ላይ አሳረፈችው። እጁ የቀለለ፣ የደረቀ፣ መርፌ ያጠነከረው እጅ ነው። ታላቅየው ብየዳ በተማረበት ዘመን ማታ ማታ ሸሚዙን የምታራግፍለት እሷ ነበረች። ከኮሌታው፣ ከኪሱ፣ ከጫማው ውስጥ እነዚህን ጠብታዎች እየለቀመች ትጥል፣ ያቃጠሏቸውን ቀዳዳዎች እየጠቀመች ትመልስለት ነበር። የልጇን ሥራ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው የምታውቀው። አሁንም ጣቷ አንዱ ጠብታ ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ጎን ሄደ፤ ሌላ አገኘ። ሌላም። በጥፍሯ አንዱን ቧጠጠችው።

«ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች።

«ከጥላሸቱ ሥር ነው ያለው እማዬ። ከጭሱ በፊት የገባ ነው።»

«ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ አልነበር እንዴ?»

«ብሎ ነበር።»

እናትየዋ እጇን ከግድግዳው ላይ አላነሳችም። ታናሽየዋ ስንት ጊዜ በልቧ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ግን ግድግዳው እየተናገረ እሷ ምን ልትጨምር? ከታች የወንድሟ ሳቅ ተሰማ። ሰብሳቢውን እያጫወተ ደረጃውን ይወጣል። ብቅ ብሎ እናቱን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«እማዬ! ማን አመጣሽ?»

ፊቷን አላዞረችም። «ያን ዕለት የለበስከው ሸሚዝ» አለች፤ «ሰማያዊው። የት አደረስከው?»

«የቱ ሸሚዝ?»

«ሁልጊዜ የተበሳውን ታመጣልኛለህ፣ እጠቅምልሃለሁ። የዚያን ቀኑን አላመጣህም። በካናቴራ ነው የገባኸው። በኋላ ስጠይቅህ እሳት ሳጠፋ ነው የተቀደደው አልከኝ፤ እኔም እሰይ የኔ ጀግና አልኩ። ሞኝ ነኝ። የእሳቱ ወሬ የመጣው እኮ አንተ ገብተህ፣ ታጥበህ፣ አብረን ራት ስንበላ ነው።»

ሰብሳቢው ከጀርባው ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው ራሱም ያወቀ አይመስልም። ጠራቢው መሰርሰሪያውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ታላቅየው ወደ እህቱ ተመለከተ። የልመና ዓይን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷም ዓይኑን ትክክል አየችውና እስኪሰብረው ድረስ አልለቀቀችውም። እንዲህ ይጣፍጣል ብላ አላሰበችም ነበር። አላፈረችበትምም።

«ነገ ንግግር አለህ አይደል?» አለች እናትየዋ። «ጠዋት ስትለማመድ ሰምቼሃለሁ፤ ድምፅህ ያምራል። እስቲ አሁን ለእኔ በለው። ‹አባቴ አርጅቶ ነበር› ብለህ ጀምር።»

አፉን ከፈተ። ጉሮሮውን ጠረገ። ጠዋት እንደልቡ ሲያወርደውና ሲያወጣው የነበረው ድምፅ ጥሎት ሄዷል።

ታናሽየዋ ስፖንጇን አንስታ ንጹሑን ገጽ ገለበጠች። ከማሳያው ዳር የቀረችውን ቀጭን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥ አድርጋ ጠረገች።

እናትየዋ በመጨረሻ ፊቷን አዞረች። ጥላሸት የነካው ጣቷን ወደ ልጇ ቀሰረች።

«እንግዲያውስ ቤት ሂድ» አለችው። «አባትህን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደህ፣ አቧራውን ጠርገህ አምጣው። ነገ የምትለውን እሱም ፊት ለፊት ይስማህ።»

ታላቅየው ደረጃውን ወረደ።